ለናና አፍ፣ ከዝምተኛዋ ልጅ

ኬፕ ታውን፣ ጁን 3 ቀን 2024

ለተከበሩ አባቴ ለኦፖንግ፣ ለንጉሣችን ለናና አፍ፣ ቃላቸውን ለሸንጎ ለሚያደርሱት፤

ከስትሮኩ በኋላ ግማሽ ፊትዎ እንደገና መታዘዝ መጀመሩን ሰምቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ይህን አስቀድሜ መጻፌ፣ ከታች የሚመጣው ነገር እንዳይሸፍነው ብዬ ነው።

አክስቴ ፖማ ባለፈው ማክሰኞ ደውላ መልእክትዎን አድርሳለች። ሠላሳ ዓመት የያዙትን የአፍነት በትር በመጪው የአኳሲዳይ በዓል እሑድ ለናና ሊመልሱ እንደሆነ፣ ምላስዎ ስለከበደም የስንብት ቃልዎን በሸንጎው ፊት የሚያደርስልዎ ሰው እንደሚያስፈልግ፣ ከስድስት ልጆችዎም የእኔን ስም በግራ እጅዎ እንደጻፉ ነገረችኝ። በግራ እጅ መጻፉን ስድብ አልቆጠርኩትም፤ ቀኝዎ እንደማይሠራ አውቃለሁ።

«ስሚ ዱፊ፣ እምቢ እንዳትይ!» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ ከአይጥ ጋር ስታወሪ እየዋልሽ፣ ለአባትሽ መናገር አቃተሽ?»

«አክስቴ፣ አይጦቹ አይስቁብኝም።»

 እሷም ያን ዕለት ስቃ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በሸንጎው፣ ናና ከተቀመጡባቸው ትልልቅ ጃንጥላዎች ፊት አንዲት የሰላምታ ዓረፍተ ነገር እንዳቀርብ አቆሙኝ። አውቃት ነበር፤ ዛሬም አውቃታለሁ። አፌ ግን ደረቀ። ከኋላ አንዱ፣ «ኧረ ይቺ ልጅ አፏን ቤት ረስታ መጣች!» አለ። ያኔ ጥቂት ቢጠብቁኝ ቃሉ ይወጣልኝ ነበር። እርስዎ ግን በትርዎን አንሥተው፣ «ናና ይማሩኝ! ደሟንስ ከእናቷ ወስዳለች፤ ከአባቷ የምትወስደው መንፈስ ነው መንገድ ላይ የቀረው» አሉ። ሸንጎው በሳቅ አውካካ። ናና ራሳቸው ዕንባቸውን ጠረጉ። ልጅ ደሙን ከእናቱ፣ መንፈሱን ከአባቱ በሚወስድበት አገር፣ አባት ልጁን በቀልድ ሊክድ እንደሚችል ያን ቀን ተረዳሁ። ጥሩ ቀልድ ነበር። እርስዎ መጥፎ ቀልድ አያውቁም።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ ስለማያውቁ ልንገርዎ። አንዲት አይጥ ከሽቦ ወንፊት ማዶ ያለችውን ሌላ አይጥ ልታሸት ስትጠጋ፣ እግሯን በቀላል ኤሌክትሪክ እንነዝራታለን። ጥቂት ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ ንዝረቱ አያስፈልግም፤ ምንም ያላደረገቻትን ጎረቤቷን ባየች ቁጥር ጥግ ይዛ ትቀራለች። በአንጎል ውስጥ አሚግዳላ የምንላት፣ በሰው ላይ ለውዝ የምታህል ክፍል አለች፤ አደጋ የመሰላትን ሁሉ የምታስጠነቅቅ ናት። ከግንባር በኩል ደግሞ «ተረጋጊ፣ ይቺ አትነክስም» የሚል የነርቭ መስመር ወደ እሷ ይወርዳል። በፈራችው አይጥ ውስጥ ይህ መስመር ይደክማል።

አይጥ ሰው ናት አልልም፤ እንዲህ ብዬ ብጽፍ አለቃዬ በቀይ ይሰርዙታል። ነገር ግን በየሳምንቱ ስብሰባ ውጤቴን ቆሞ የሚያነብልኝ ባልደረባዬ ሎይሶ ነው። «ተመራማሪዋ እሷ፣ አፏ እኔ!» እያለ ያስቃቸዋል። እንግዲህ አባቴ፣ ያለ ዙፋን እኔም እንደ ናና አፍ አለኝ።

ምላስዎ መያዙን የሰማሁ ዕለት በመጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። «አሁን ያውቁታል» አልኩ። ይህን ብደብቅ ውሸታም እሆናለሁ።

ውሳኔዬ ይህ ነው፤ እመጣለሁ። ቲኬቴንም ቆርጫለሁ። ነገር ግን ሕግ አለኝ፤ ሕጉም ከእርስዎ የተማርኩት ነው። አፍ የሆነ ሰው ከራሱ አይናገርም፤ ባለቃሉ አስቀድሞ ይናገራል፣ እርሱ ያንኑ አሳምሮ ያደርሳል። ስለዚህ የተጻፈ ወረቀት አልቀበልም። በዚያው ሸንጎ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት፣ በራስዎ አፍ ይናገራሉ። ከስንብቱም በፊት ያንን ቀልድ ያነሣሉ፤ «ዱፊ መንፈሷን ከእኔ ወስዳለች» ይላሉ። ቃሉ ቢሰበር፣ ለሃጭዎ ቢወርድ፣ ግድ የለኝም። ይህን የማይሉ ከሆነ ሌላ አፍ ይፈልጉ። ካሉት ግን ቃል በቃል አደርሰዋለሁ፤ አላሳምረውም።

ጨካኝ ይበሉኝ። ይህን ቅጣት አሥራ አምስት ዓመት መዝኜዋለሁ፤ ከተቀጣሁት አይበልጥም።

የፈራችውን አይጥ የምናላቅቅበት አንዱ መንገድ ቀላል ነው። ከዚያችው ጎረቤት ጋር ደጋግመን እናገናኛታለን፤ አንነዝራትም፤ እንጠብቃታለን። ባለፈው ወር አንዲቱ ከጥግ እስክትወጣ ሰባት ደቂቃ ፈጀባት። ሰዓት ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ አልተነቃነቅኩም።

በዚያ እሑድ በትሩ በእኔ እጅ ይሆናል። «አፉን ቤት ረስቶ መጣ» የሚል ቢኖር ዞሬ አየዋለሁ። ቃሉ አልወጣ ቢልዎ ግን እርስዎ ያደረጉትን አላደርግም። ሰባት ደቂቃም ቢሆን፣ ፀሐይዋ እስክትዞርም ቢሆን፣ ከጎንዎ ቆሜ እጠብቃለሁ።

አክስቴ የምትሠራልዎትን ሾርባ ሳይሰለቹ ይጠጡ። አምላክና የቀደሙት ሁሉ ምላስዎን ይፍቱልዎ።

አውሮፕላኔ ዓርብ ማታ ኩማሲ ይደርሳል። ሸንጎው እሑድ ነው። ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ ከእርስዎ ጋር ከመቀመጥ በቀር፣ ሌላ ጉዳይ የለኝም።

ልጅዎ
ዱፊ ኦፖንግ