አባዬ የተቆጠረበት ቤት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

አገኘሁት! የአባዬን የትውልድ ቤት አገኘሁት።

ሟቹ አባቴ ከድር ናስር ነው የሚባለው። ወደ ትውልድ ቀበሌው ደውዬ ዘመዶቹን ስጠይቅ ግን ሁሌ «የናስር ልጅ ከድር የሚባል የለም» እያሉ ይመልሱኛል። ዛሬ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ሱቄ ቁጭ ብዬ ይህንኑ ለአባዬ የአገር ልጅ ለጋሼ ሸምሱ ሳማርር ሳቁብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ናስር እኮ አጎቱ ነው! ከአገር አምጥቶ ትምህርት ቤት ሲያስገባው በራሱ ስም አስመዘገበው። ያኔ ሁላችንም እንዲያ ነበርን። ወላጅ አባቱ ጀማል ነው።»

ወዲያው የቀበሌው ጸሐፊ ጋ ደወልኩ። «እባክህ፣ የጀማልን ቤት ፈልግልኝ!» የድሮውን የቤተሰብ ቆጠራ መዝገብ ሲያገላብጥ ይሰማኛል። ደንበኛ «ሚጥሚጣው ስንት ነው?» ሲለኝ በእጄ ዝም አሰኘሁት።

ተገኘ! ቤተሰቡ የተመዘገበው አባዬ መርካቶ ገብቶ እኔንም ከወለደ በኋላ ነው። ጸሐፊው የልጆቹን ስም በየተራ አነበበልኝ። መጨረሻ ላይ «ከድር፤ ለጊዜው እቤት የሌለ» አለኝ።

ለጊዜው! አባዬ እኮ አንድም ቀን ተመልሶ አልሄደም።

ታናሽ እህቱ አሁንም እዚያው ቤት አለች አሉ። ነገ በማለዳ አውቶቡስ ተራ ነኝ። ምን ብዬ ነው የምገባው?