የደበቅሁሽ የቦይ ወሬ

የምወድሽ እማ፣

መልካ ወረር አፈር ካለበስንሽ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። አላህ ይዘንልሽ። ሻይ ቤትሽን እህቴ ዘሀራ ይዛዋለች። ስኳር ላይ ትሰስታለች፤ የጥጥ እርሻው ሠራተኞች አንቺን እያነሱ ያሾፉባታል። ዳሱን በአዲስ ሰሌን አልብሰነዋል፤ የዘንድሮው ሐሩር ግን ሰሌንም አልመለሰው። ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናውን ለመናገር አፍሬ ነው።

አጥኚዎቹ የመጡ ጊዜ ትዝ ይልሻል። ቦዩ ከተቆፈረ ወዲህ ልጆች ለምን ደም እንደሚሸኑ ለማወቅ፣ እነዚያኑ ልጆች በየዓመቱ እየመረመሩ ለብዙ ጊዜ ሊከታተሉ ነበር። እኔን መዝጋቢ አድርገው ቀጠሩኝ። የአፋር እናቶች ግን የልጃቸውን ሽንት በብልቃጥ ለማያውቁት ሰው አይሰጡም። የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ጠርቶ «ጓዶች» እያለ ቢለፈልፍ አንዲትም አልመጣች። አንቺ ሻሽሽን አሰርሽና ከቤት ቤት ዞርሽ። የምትጽፈው ልጄ ናት፣ የተገኘውን እሷ ትነግራችኋለች ብለሽ ቃልሽን መያዣ ሰጠሽልኝ።

የአፋርን ዳጉ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂው ነበር። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይለዋወጣል። ወሬ ተቀብሎ ወሬ የማይሰጥ ነውረኛ ነው። እኛ በየዓመቱ ተቀበልን እንጂ አልሰጠንም።

በሁለተኛው ዓመት የምርመራው ውጤት መጣ። በሽታው የበዛው ሴቶቹ ልብስ በሚያጥቡበት፣ ልጆቹ በሚዋኙበት በምሥራቁ ቦይ ነበር። የአጥኚዎቹ ኃላፊ፣ ሰዎቹ አውቀው ከቦዩ ከራቁ ጥናቱ ይበላሻልና ዝም በይ አለኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ እማ፣ ለጥናቱ ተጨንቄ አይደለም። ሥራውን ወድጄው ነበር። ከእነሱ ጋር በመኪና መሄዱን፣ ጸሐፊዋ መባሉን ወድጄው ነበር።

አንቺ ምን ተገኘ ትይኛለሽ፤ እኔ ገና ነው እልሻለሁ። ሴቶቹ የሻይ ቤቱ በር ላይ ሲጠይቁሽ፣ ልጄ ገና ነው ብላኛለች ስትያቸው፣ ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። አልጋ ከያዝሽ በኋላም፣ ድምፅሽ ሊጠፋ ሲል፣ እጄን ይዘሽ ምን ተገኘ አልሽኝ። ገና ነው አልኩሽ። ለመጨረሻ ጊዜ የነገርኩሽ ነገር ውሸት ሆኖ ቀረ።

ባለፈው ወር አላስችል አለኝና ወዳጅሽ እማማ ፋጡማ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት የልጅ ልጆቻቸው መዝገቤ ላይ አሉ። ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እናቴ አታውቅም ነበር፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። እንጀራዬ ቢቋረጥም ያንቺ ስም ይጥራ ብዬ ነው።

አልተቆጡም። የእኔን ሰምተው ሲያበቁ እንደ ወጉ የእርሳቸውን ሰጡኝ። እናትሽ ታውቅ ነበር አሉኝ። ለካ የገዛ ልጄን ሐዋን ከምሥራቁ ቦይ እንዳትደርስ ስቆጣት አይተሽ ነገሩ ገብቶሽ ኖሯል። በዚያው ሳምንት እንደገና ከቤት ቤት ዞረሽ፣ ልጆቻችሁን ከዚያ ውሃ አርቁ ብለሻቸዋል። ልጄ ራሷ እስክትነግራችሁ ግን የሰማችሁ አትምሰሉ፤ በር ላይ ጠይቁኝ፣ ጓዳ ሆና ትስማ ብለሽም ለምነሻቸዋል።

እማ፣ አሁን ፊቴን የት ላድርገው? እጄን ይዘሽ የጠየቅሽኝ ለማወቅ አልነበረም።

ይቅር በይኝ ከማለት ይልቅ፣ በየቤቱ እየዞርኩ እየተናገርኩ ነው፤ ኃላፊው ቢሰማም ይስማ። የእጅሽን ሙቀት እስክሞት አልረሳውም። ከእንግዲህ አንዲት እናት ምን ተገኘ ስትለኝ፣ አንቺ እንደጠየቅሽኝ ቆጥሬ እመልስላታለሁ።

ልጅሽ ሰዓዳ