ሰባት ደቂቃ ስለሚያንቀላፋው የመንደራችን ላፕቶፕ

ሃአፓይ፣ ቶንጋ
ለተከበሩት የመንደራችን ሹም ለአባባ ፊኔአሲ
(በአዳራሹ በር ላይ የሚለጠፍ)

ጤናዎ እንደ ባሕር ዳርቻ ዓለት የጸና ይሁን፤ በአገራችን ወግ ለክብር ወገብዎ ላይ የታጠቁት ምንጣፍም አይላላብዎ። ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ከባድ ኃጢአት እናዘዛለሁ፦ ዛሬ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እርስዎ ሳያዩ በአዳራሹ ላፕቶፕ ክዳን ውስጥ ጣት የምታህል የኮኮናት ቃጫ ሸጉጫለሁ። ክዳኑ ካልገጠመ ማሽኑ አይተኛም ሲባል ሰምቼ ነው። አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

፩. አውስትራሊያ ቲማቲም ሊለቅሙ የሄዱ ዘመዶቻችንን በምስል እንድናገኝ ለእያንዳንዱ ቤት ዐሥር ደቂቃ ስለመደቡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይሁንና አንዱ ቤተሰብ በተነሣ ቁጥር ክዳኑን ዘግተው፣ ጥልፍ ጨርቅ አልብሰው፣ «ማሽንም እንደ ሰው ያርፋል» ስለሚሉ፣ ተረኛው ቤተሰብ ማሽኑ ዐይኑን እስኪገልጥ ሰባት ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል። እርስዎ እንኳ ስብከት መሐል ሲያንቀላፉ ለመንቃት አንድ ክርን ይበቃዎታል።

፪. «አባባ፣ ባንዘጋውስ?» ብዬ ብጠይቅ፣ «አንቺ የትናንት ልጅ! ማሽን ልታስተምሪኝ ነው?» አሉኝ። እውነትዎን ነው። ማሽኑ ግን ከእኔም በኋላ ነው የተወለደው።

፫. ይህኛው ቀልድ የለውም። እናቴ አውስትራሊያ ከሄደች ስምንት ወር ሆናት። ትንሿ እኅቴ ሜሌ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ባለፈው እሑድ በተረፈችን ሦስት ደቂቃ እናቴ «ሜልዬ፣ የኔ ዓሣ» ስትላት፣ ሜሌ ቀሚሴን ጨብጣ «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለችኝ። እናቴ ሰምታለች። ልትመልስ አፏን ስትከፍት ደቂቃችን አለቀና ዘጉት። ማሽኑ ዐረፈ፤ እኛ ቤት ግን ሳምንቱን ሙሉ ያረፈ የለም።

ጥላዎ ከመንደራችን ሁሉ ሰፍቶ እንዲኖር የምትመኝ፣ በስብከት ሰዓት ክርኗን ለማዋስ ምንጊዜም ዝግጁ የሆነች ታዛዥ ልጅዎ፣
ሉሴአኔ

ማስታወሻ፦ ይህን የምጽፈው ተራችን ደርሶ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጬ ነው። አሁን ጨርቁን ገፈው ክዳኑን ከፈቱልን። ቃጫው መሥራቱን ስለማላውቅ፣ እንደ ልማዴ ሰባት ደቂቃ አለኝ ብዬ ስለ ማንኮራፋትዎም ጥቂት ልጨምር፤ ባለፈው ጸሎት ላይ—

«ሉሴአኔ! እናትሽ ገና ክዳኑ ከመከፈቱ ብቅ ብላልሽ፣ አንገትሽን ደፍተሽ ምን ትጭሪያለሽ? ሜሌን ጉልበትሽ ላይ አስቀምጫትና ቀና በይ። ዛሬ እስክታውቀኝ ትየኝ።»