ጀልባ በሦስተኛ ንባብ

ጥር 14

«ለእሱ እንስጠው። እሱ እጅ የገባ ነገር በዋዛ አይወጣም።»

ያለው አድሚራሉ ነው። ካፌው ውስጥ፣ እጄን ታጥቤ ስመለስ፣ ከመከለያው ጀርባ ሰማሁት። ጥርስ ሐኪሙ ሳቀ። እኔ ትንሽ ቆሜ ጠበቅሁ... ሰው በሌለበት ሲመሰገን ድንገት መግባት ነውር ነው።

የተሰጠኝ ሥራ ጀልባ መምረጥ ነው። ትንሽ፣ ባለ ሞተር፣ ለሐይቅ መዝናኛ የምትሆን። ለሦስታችን። ትምህርት ቤት ሳለን አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት ነበር የምንቀመጠው። አድሚራሉ ዴስኩ ላይ በምላጭ ጀልባ ቀርጾ «አንድ ቀን እንገዛታለን» አለ። ጀልባዋ ላይ ሦስት ሰው አለ። የመሐለኛው እኔ ነኝ፤ መጽሐፍ ስለያዝኩ ያስታውቃል። ይኸው አርባ ዓመት። አድሚራሉ ባሕር ኃይልን በሩቁም አያውቀውም፤ የመኪና ጎማ ነው የሚሸጠው። ስሙ ግን ከዚያ ምላጭ ወዲህ አልለቀቀውም።

ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ፊደል ሳርም እንዲህ ያለ ምስክርነት ከአለቃ አፍ ሰምቼ አላውቅም። በዋዛ አይወጣም። እውነታቸውን ነው።

ጥር 22

አዲስ ደብተር ገዛሁ። ባለ መስመር፣ ሁለት መቶ ገጽ። ባለቤቴ አየችው።

«ጀልባ ነው ወይስ ሙሽራ የምትመርጠው?»

«ሙሽራዋንማ ሳላነብ ነው የመረጥኩት» አልኳት።

ራቴን ለብቻዬ በላሁ።

አሠራሬ እንደ ማተሚያ ቤቱ ነው። አንደኛ ንባብ፦ የጀልባው አካል። ሁለተኛ ንባብ፦ ሞተሩ። ሦስተኛ ንባብ፦ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ። ከሦስተኛ ንባብ በፊት ከእጄ የወጣ ወረቀት የለም። አለቃዬ በዚህ የተነሣ ሁለት ጊዜ ደም ግፊቱ ተነሥቶበታል።

ችግሩ ፍላጎታችን አለመገናኘቱ ነው። አድሚራሉ ከጀልባዋ ኋላ በገመድ እየተጎተተ ውሃ ላይ መንሸራተት ይፈልጋል፤ መቶ አራት ኪሎ ነው። ጥርስ ሐኪሙ ዓሣ ማጥመድ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጩኸት ሲሰማ ስለሚውል የማይጮህ ፍጡር ናፍቆታል። እኔስ? ጥላ። ወንበር። ገጼን ሳላዝዘው የማይገልጥ ነፋስ።

ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ በየሃያ ደቂቃው በራችን ላይ ይቆማል። መስታወቱ ይርገፈገፋል። እንዲህ እየተደረገ ስለ ጸጥተኛ ውሃ ማሰብ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የካቲት 5

አንደኛ ንባብ። ሦስት ካታሎግ፣ አንድ የጥገና መመሪያ፣ አንድ የድሮ መርከበኛ ትዝታ (የመጨረሻው ለጣዕም ያህል)።

የገባኝ ይህ ነው። ሆዷ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ ቀላል ናት፣ በተኛ ውሃ ላይ እንደ ጠረጴዛ ትረጋለች። ትንሽ ነፋስ ከተነሣ ግን እያንዳንዱን ሞገድ በጥፊ እየመታች ነው የምትሄደው፤ ጥፊው የሚያርፈው የተሳፋሪው ወገብ ላይ ነው። ሹል ሆድ ያላት ውሃውን ሰንጥቃ ታልፋለች። ገጽ ሦስት ላይ በቀይ ጻፍኩ፦ «ጠፍጣፋ ሆድ፣ በፍጹም።» ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ጥርስ ሐኪሙ ደወለ።

«እሑድ ሐይቁ ጋ ና እንጂ።»

«መጥቼ ምን ልሠራ?»

«ውሃ... ታያለህ።»

«የሆዷን ነገር ሳልወስን ውሃውን ባየው ምን ይጠቅመኛል?»

 «እሱም አለ» አለ።

ለሙያ ክብር ያለው ሰው ነው።

የካቲት 17

የአድሚራሉ አፍንጫ ተልጧል። ፀሐይ ነው። «በረንዳ ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ» አለ። በረንዳው ላይ ፊት ለፊት ባለው ፎቅ ምክንያት ከተሠራ ጀምሮ ፀሐይ ወድቆበት አያውቅም። የአየር ጠባይ ተለውጧል ይላሉ...

ሥራው የት ደረሰ አለኝ። ገጽ አርባ ሁለት አልኩት። ትከሻዬን ያዘኝ፤ ቶሎም አልለቀቀኝ።

«አራት ነጥብ» አለኝ፤ የትምህርት ቤት ስሜ ነው። «እሑድ ና። ሁሉንም እዚያው እናወራዋለን።»

«ካታሎጎቹ ሰኞ ይመለሳሉ። ከየት አባቴ እሑድ ላምጣ?»

ሊናገር አፉን ከፈተና ስለ ጎማ አወራ።

የካቲት 30

እሑድ ጠዋት። ከታች ክላክስ። በመስኮት ብቅ ስል ሁለቱም መኪና ውስጥ ናቸው። ከኋላ የአድሚራሉ የልጁ ባል ተቀምጧል፤ ጥቁር መነጽር፣ ቁምጣ።

«ውረድ! አንድ ቦታ አለ!»

«ሞተር ላይ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ዘጠኝ ቁጥር መጥቶ መሐላችን ተገተረ። ሲነሣ እነሱ ሄደዋል።

ከሰዓት ጎረቤቴ ደረጃው ላይ አገኘኝና እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ሞተር የገዛሁ መስሎታል።

መጋቢት 12

ባለ ሁለት ምት ሞተር ወይስ ባለ አራት ምት? ምሳ ረሳሁ።

መጋቢት 25

ጥርስ ሐኪሙ ደወለ። ለእኔ አይደለም፣ ለባለቤቴ።

«እሑድ እንደምንም ይዘሽው ነይ ይላሉ» አለችኝ።

«ሁለተኛው ንባብ ሊያልቅ ነው።»

«እሱ አያልቅም።» ሽንኩርት እየከተፈች ነው። «ሂድ እንጂ አንተ ሰው። ጓደኞችህ አይደሉም እንዴ?»

የማልሄደው እኮ ለእነሱ ብዬ ነው። በዝርዝር አስረዳኋት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሽንኩርቱ ይሁን አላውቅም።

ሚያዝያ 8

የጥርስ ሐኪሙ መዳፍ ውሃ ቋጥሯል። ሁለቱም። ገመድ ሲጎትት የዋለ ሰው እጅ ይመስላል።

«አስቸጋሪ መንጋጋ ነበር» አለኝ።

የዚህን ሙያ ድካም ማንም አይረዳውም።

«እሑድስ?» አለ ስንለያይ። ልማድ ሆኖበታል፤ ደህና ዋል እንደማለት ነው። ሦስተኛ ንባብ ጀምሬያለሁ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ሚያዝያ 27

አለቀ! ገጽ መቶ ሰማንያ ሰባት።

ፋይበር ግላስ። አራት ሜትር ከሰባ። ሹል ሆድ። ስልሳ የፈረስ ጉልበት፣ ባለ አራት ምት። ከኋላ ለአድሚራሉ የገመድ ማሰሪያ። ከጎን ለጥርስ ሐኪሙ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ማስቀመጫ። መሐል ላይ የሸራ ጥላ፣ ከሸራው ሥር አንድ ወንበር። የወንበሩን ስፋት ሳሎን ውስጥ በሜትር ለክቼ ተቀምጬበታለሁ። መሬት ላይ፣ ማለቴ። መጽሐፍ ይዤ።

ለሁለቱም ደወልኩ። እሑድ ካፌው ውስጥ አነብላችኋለሁ አልኳቸው።

«ሙሉውን?» አለ አድሚራሉ። ሁለቴ ጠየቀኝ። ደስታ ነው መሰለኝ።

ሚያዝያ 29

አለቃዬ አንድ የማረሚያ ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለ። የሐይቁ ጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ዓመታዊ መጽሔት።

«ካንተ ሌላ ለማን እሰጠዋለሁ? ሊቁ አንተ ነህ።»

ገጽ አሥራ አንድ። አዲስ የተመዘገቡ ጀልባዎች። ተራ ቁጥር ሠላሳ አራት።

አልሙኒየም። አራት ሜትር ከሃያ። ጠፍጣፋ ሆድ። የተመዘገበችበት ቀን የካቲት 2። ባለቤቶች፦ የአድሚራሉ ሙሉ ስም። የጥርስ ሐኪሙ ሙሉ ስም። የአድሚራሉ የልጅ ባል ሙሉ ስም።

ሦስት ሰው።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሠራሬ ነው።

የካቲት 2... እኔ ገጽ ሦስት ላይ በቀይ «በፍጹም» ብዬ ስጽፍ እሷ ውሃ ላይ ከዋለች ሦስት ቀኗ ነበር።

የሞተሩ ጉልበት «250» ይላል። ያን የሚያህል ሞተር ያቺን በምታህል ጀልባ ላይ ቢገጠም ወይ ትበራለች ወይ ትሰጥማለች። 25 ነው መሆን ያለበት። ብዕሬን አንሥቼ ቆየሁ። በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስህተት አይቼ ልለፍ አሰብኩ። ይታተም። ማኅበርተኛው ሁሉ ይሳቅባቸው። አንዲት ዜሮ ናት፣ ማን ያውቃል?

ሰረዝኳት።

መክዳታቸውስ ይሁን። ግን በጠፍጣፋ ሆድ?

ሚያዝያ 30

በዋዛ አይወጣም። አሁን ገባኝ። የፈለጉት መራጭ አልነበረም፤ እኔን ማቆያ ነው።

ግንቦት 2

ከወር በፊት የተያዘ ቀጠሮ ነበረኝ፤ ታችኛው መንጋጋ። ልቀርበት አሰብኩ። ጥርስ ግን ስለ ሰው ክህደት ግድ የለውም፣ ማመሙን ያማል።

ወንበሩ ላይ ተጋድሜ «የመጽሔቱን ገጽ አሥራ አንድ አረምኩት» አልኩት።

ጥርስ ሐኪሙ ጓንቱን አጠለቀ። አፌን አስከፈተኝ። ጥጥ ጠቀጠቀበት። የምራቅ መሳቢያውን ሰካ። ማውራት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ፈሪ ሰው እንዲህ ለራሱ የሚስማማ ሙያ ሲመርጥ አላየሁም።

«የአድሚራሉ ጉልበት ስላመመው ነው። ሐኪሙ ዘንድሮ ካልተንሸራተትክ ለከርሞ አይታሰብም አለው። ቸኮለ።»

«አአ።»

«ልንነግርህ ነበር እኮ። ግን ያንን ደብተር ይዘህ ስትመጣ... ፊትህን ብታየው! ማን ጨክኖ ይነግርሃል?»

«አአአ።»

«የልጁን ባልማ ያስገባነው... ወንበሩ ባዶ ከሚሄድ ብለን ነው።»

እዚህ ላይ ብዙ ነገር ተናገርኩ። ሁሉም ጥጡ ውስጥ ቀረ።

«ደሞ እኛ እኮ ሞክረናል፣ ስንት ጊዜ...» አለና መሣሪያውን አስነሣው። የቀረውን ጩኸቱ ዋጠው። ምን ሞከሩ? ሰው ሲከዳ የሚሞከር ነገር አለ?

ስነሣ ግማሽ ፊቴ ደንዝዟል። ልሰድበው ብዬ ምራቄ በአገጬ ወረደ። መሐረብ ሰጠኝ። ተቀበልኩት... እስካሁን የሚያንገበግበኝ መቀበሌ ነው።

ግንቦት 3

ካፌው አልሄድኩም። ይጠብቁ። ይጠብቁ ይሆን?

ግንቦት 6

አድሚራሉ ማተሚያ ቤት ድረስ መጣ። ያነክሳል። ገጽ የምታቀናብረው ሴትዮ ወንበሯን ለቀቀችለት፤ እኔ አልተነሣሁም።

«ተቆጥተሃል።»

«አልተቆጣሁም። ጠፍጣፋ ሆድ ነው።»

«ምኑ?»

«ጀልባህ።»

ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ዘረጋው።

«በሃያ አምስት የፈረስ ጉልበት አንተን ከውሃ አታወጣህም» አልኩት።

«አላወጣችኝም» አለ። «እስከ አንገቴ ተነክሬ ነው የጎተተችኝ፣ እንደ መልሕቅ። ያ የልጄ ባል ቪዲዮ ቀረጸኝ። እንዴት አወቅክ?»

«ገጽ ሃምሳ ስምንት።»

«ወገቤ የተቆረጠውስ?»

«ገጽ ሦስት።»

ሳቀ። እኔንም ሳቄ መጣ። ያዝኩት። በዋዛ አይወጣም።

«አራት ነጥብ ብለን ስም ስናወጣልህ ተሳስተናል» አለ። «አንተ እኮ ነጠላ ሰረዝ ነህ። ካንተ ኋላ ሁልጊዜ የሚቀር ነገር አለ።»

«አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ላንተ አንዲት ቃል መናገር ቀላል ነው? ታርማታለህ።»

ከአፉ ካወጣው በኋላ ራሱም አላማረውም። ዓይኑ ጠረጴዛዬ ላይ የተከመረውን ወረቀት አየ፣ ቀዩን ብዕር አየ፣ እኔን ግን አላየም። ዴስኩ ላይ የቀረጻት ጀልባ ትዝ አለችኝ። መሐል ላይ ያለውን ሰውዬ ሲቀርጽ ምላጩ አዳልጦት አውራ ጣቱን ቆርጦት ነበር። ጠባሳው አሁንም አለ። ሊወጣ ተነሥቶ በሩን በያዘበት እጁ ላይ አየሁት።

«እሑድ እንሄዳለን። ና።»

«ሥራ አለኝ» አልኩት።

ምንም ሥራ አልነበረኝም።

ግንቦት 10

እሑድ። የጀልባውን ደብተር ለባለቤቴ ሰጠኋት። ያልተጻፈባቸውን አሥራ ሦስት ገጾች ለአስቤዛ ዝርዝር ትጠቀምባቸዋለች። ገጽ ሦስትን ገልጣ አየችና «ለምን በቀይ?» አለች። 

ሌላ የማርመው ስላልነበረ ይህን ማስታወሻ አወጣሁ። ከጥር ጀምሮ። ሐሳቤ ማስረጃ መሰብሰብ ነበር።

አንደኛ ንባብ፦ የእነሱ ውሸት። የተላጠው አፍንጫ፣ ውሃ የቋጠረው መዳፍ... ሁሉም በገዛ እጄ ተጽፏል። ሁለተኛ ንባብ፦ የእኔ ሞኝነት። ይህ ረዘም ይላል። ሦስተኛ ንባብ፣ እርሳስ ይዤ፣ ሌላ ነገር ማክበብ ጀመርኩ። እሑድ ና። የካቲት 5። የካቲት 17። የካቲት 30፣ ከመንገድ ላይ። መጋቢት 25፣ በባለቤቴ በኩል። ሚያዝያ 8። ግንቦት 6። ስድስት። ከየካቲት 2 በፊት አንድም የለም።

ከድተውኛል። ይህ አይታረምም።

መስታወቱ ተርገፈገፈ። ቀና አልኩ። ዘጠኝ ቁጥር በራችን ላይ ቆሞ ሰው ያሳፍራል። አንዲት ሴትዮ ሁለት ልጆችና አንድ ትልቅ የመዋኛ ጎማ ታቅፋ በበሩ ለማለፍ ትታገላለች። ከሹፌሩ በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን አነበብኩት። እዚህ ቤት ከገባን አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው።

የዘጠኝ ቁጥር የመጨረሻ ፌርማታ ሐይቁ ነው።