ከእኔ ላይ የቀነስሽው አራት ዓመት

ይድረስ ለእህቴም ለእናቴም ለአቻምየለሽ ዘሚካኤል፣ ቤይሩት።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የእግርሽ እብጠት ጎደለልሽ ወይ? ሰላምታዬ ከማንኩሳ ተነስቶ ባሕሩን ተሻግሮ ደጅሽ ይድረስ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ በቆሎው ተሰብስቧል፣ አባባም በርትተዋል። ስልኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረኝ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ ነገሩም በችኮላ የሚወራ አይደለም።

ባለፈው ጥቅምት ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ፍኖተ ሰላም ላይ የእኛን የመምህራንን ደም ወስደው ነበር። የሰው ዕድሜ በዓመት ሲቆጠርና ሰውነቱ በእርግጥ ያረጀው ሲታይ ምን ያህል እንደሚለያይ ያጠናሉ። ዶክተር መስከረም የምትባል ልጅ እግር ሐኪም አስረዳችን፤ ዘረመላችን እንዳለ ነው፣ ኑሮ ግን ከላዩ ምልክት ያኖርበታል አለች። እኔ የገባኝ፣ በዜማ መጽሐፍ ፊደሉ ሳይነካ ከአናቱ ምልክት እንደሚደረግበት ነው፤ ቃሉ ያው ነው፣ አወጣጡ ግን ይለያል። ከዚያ ምልክት ተነስተው የሰውነትን ዕድሜ ይገምታሉ፣ ለልብና ለስኳር በሽታ ይበልጥ የሚጋለጠውንም ያያሉ።

እኔ መታወቂያዬን አይቼ ሠላሳ ሰባት ብዬ ሞላሁ። ውጤቱ ሲመጣ አርባ ስድስት! ዘጠኝ ዓመት! ዶክተሯ ይህ የማንንም የሞት ቀን አይናገርም ብትለኝም ማን ሰምቷት። ለገዛ ሚስቴ ለአስካለ እንኳ ሳልነግራት ሳምንት ሙሉ እህል አልወርድልኝ አለ። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ፣ ከጎረቤታችን ከላቀው ጋር ታረቅሁ። ልጄን አደይን ባየኋት ቁጥር፣ ይህችን ማን ያሳድግልኛል እያልኩ እንባዬ ይመጣ ነበር።

በመጨረሻ ለአባባ ነገርኳቸው። እመቤቴን፣ ሳቁብኝ! ሳቃቸውን ሲጨርሱ ጉዱን አወጡት። እማማ ካረፈች በኋላ ትምህርት ሳልገባ ቆይቼ፣ አንቺ እጄን ይዘሽ ስታስመዘግቢኝ፣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው ካልኩ አይቀበሉትም ብለሽ ሰባት ነው አልሽ አሉ። ከሲታ ስለነበርኩ ዳይሬክተሩ አመነሽ። መታወቂያዬም ከዚያው መዝገብ ተቀዳ። አንቺ ጉደኛ! አስተምረሽ ሰው ስላደረግሽኝ ላልቅስ ወይስ ስለ ሳምንቱ ጭንቀቴ ልቆጣሽ?

ስለዚህ አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ዶክተሯ ስነግራት ስቃ መዝገቧን አቃናች፤ ለቀረው አምስት ዓመት ግን አልማረችኝም። ደም ግፊቴን ስትለካው ከፍ ብሏል። አረቄውን ተው፣ ጨው ቀንስ፣ በደንብ ተኛ፣ ምልክቱ የማይለወጥ አይደለም አለችኝ። አረቄውን ትቻለሁ። አስካለ ግን አላመነችኝም፣ አፌን ታሸታለች።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ያን ጊዜ ለቤይሩት ዕድሜሽ አልደርስ ቢል ፓስፖርትሽ ላይ አራት ዓመት ጨመርሽ፤ ከእኔ የቀነስሽውን ለራስሽ! ባለፈው፣ እግሬ ያበጠው እርጅና ነው፣ ሃምሳ እኮ ደረስኩ ብለሽኝ ነበር። የምን ሃምሳ! እሱ የፓስፖርቱ ነው፤ አንቺ አርባ አምስት ነሽ። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ቤት ደረጃ ስትወጪና ስትወርጂ ኖረሻል፤ እባክሽ እርጅና ነው ብለሽ አትተዪው፣ ሐኪም ይይሽ። ፈራሁልሽ እታለም። ኑሮ በእኔ ላይ አምስት ዓመት ከጨመረ በአንቺ ላይ ስንት ጨምሮ ይሆን? ነይ በቃ። ያንን አራት ዓመት እኛ ዘንድ መጥተሽ ኑሪው።

አስካለ ጉንጭሽን ትስምሻለች። አደይ የላክሽላትን ቀሚስ ለብሳ ሰላም ብላሻለች። ላቀውም፣ ታርቀናልና፣ እንዴት ነሽ ብሎሻል። አባባ ደግሞ ደብዳቤው ሲነበብላቸው በጣታቸው ደጋግመው ቆጠሩና፣ ልጄ አርባ አምስት ናት፣ ለሐኪሙም እንዲያ ትበለው ብለዋል።

ወንድምሽ ምናለ ዘሚካኤል
ማንኩሳ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.