ሳጥኗ ራሷን ትውለድ ላሉት ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የመሣሪያዎች ፍተሻና ምዝገባ ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

«ባሉበት» ማለቴ ለደብዳቤ ወግ ብቻ አይደለም፤ ቢሮዎ ድረስ ደጋግሜ መጥቼ የት እንዳሉ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። በተለይ የስኳር በሽታ በደጅዎ እንኳ እንዳያልፍ አጥብቄ እመኛለሁ። ከያዘዎት መርፌዎ የሚቀመጠው የእርስዎ ማኅተም አፏን በዘጋባት ሳጥን በሚጠበቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነውና።

እኔ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ሚዛን፣ ባትሪና ልዩ ልዩ መለኪያ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። የዕለት ውሎዬን የመጻፍ ልማድ ስላለኝ ከዚህ በታች የማቀርበው በንዴት የተጋነነ አይደለም። ንዴት ቢሆንማ በተሻለ ነበር፤ ንዴት ይበርዳል። የእኔ መጸየፍ ነው፤ ሰው የረገጠውን ነገር ጫማውን ገልብጦ ሲያይ እንደሚሰማው ያለ፣ ረጋ ያለ መጸየፍ።

ማመልከቻዬ በመዝገብ ቤትዎ መደርደሪያ ላይ እንቅልፍ ስለያዘው ጉዳዩን ከሥሩ ልንገርዎት። ከሱቄ ዕቃዎች አንዷ በመዳፍ የምትያዝ ሳጥን ናት። በመድኃኒት ማቀዝቀዣ አጠገብ ትሰቀልና ሙቀቱን ትከታተላለች፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ሰው እስኪመጣላት ድረስ ትጮኻለች። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ያለችው ግን አምራቾቹ አንዲት ትንሽ ቺፕ ከቀየሩ በኋላ የመጣች ነበረች። መብራት ሄዶ ሲመለስ በውስጧ ያለው፣ ሶፍትዌር የሚሉት ሥርዓት የድሮዋን ቺፕ ሲፈልግ ይቆይና እዚያው ደርቆ ይቀራል። አረንጓዴ መብራቷ ይበራል፤ እሷ ግን የለችም። ይህ ጠባይ ለቢሮዎ እንግዳ አይሆንም ብዬ እገምታለሁ።

አንድ ቅዳሜ መብራት ሄዶ ተመለሰ። ማቀዝቀዣው አልተነሣም፤ ሳጥኗም አልጮኸችም። መድኃኒቱ በሰፈራችን ሐሩር ሲግል ቆየ፤ ሰኞ ንጋት ላይ ማቀዝቀዣው በራሱ ጊዜ ተነሥቶ በረደ። የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ፣ ቁልፎቿን በአንገቷ ስለምታንጠለጥል ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር ቁልፍ» የሚላት፣ ቅዝቃዜውንና አረንጓዴውን መብራት አምና የስኳር መርፌውን ለበሽተኞቿ አደለች። ከሱቄ ቀጥሎ የሚሠራው ጎረቤቴ አናጢው ያንን የሞተ መድኃኒት ሲወጋ ሰነበተ። ምስማር የወጋው የእግሩ አውራ ጣት አልድን አለ፤ በመጨረሻ ተቆረጠ። አናጢው ቀልድ አይተውም፤ ልጠይቀው ስሄድ «አይዞህ፣ ጫማዬ ሰፋልኝ» አለኝ። የቀሩት ዘጠኝ የእግሩ ጣቶች ግን ዛሬም መርፌያቸውን የሚጠብቁት ከዚያው ማቀዝቀዣ ነው። ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ስለ ዘጠኝ ጣቶች ነው።

የእህቴ ልጅ መሐንዲስ ናት። ሳጥኗን ከፍታ ሕመሟን አገኘች፤ መድኃኒቱንም አዘጋጀች። የሥርዓቱን እምብርት፣ ባለሙያዎቹ ከርነል የሚሉትን፣ አዲሷን ቺፕ እንዲያውቅ አድርጋ በራሷ ኮምፒውተር ላይ ገነባችው። የሳጥኗ አንጎል ከኮምፒውተሩ አንጎል የተለየ ቋንቋ ስለሚሰማ፣ እዚያ ተቀምጦ በሳጥኗ ቋንቋ የሚጽፍ መሣሪያ ተጠቀመች። ትንንሽ ሳጥኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሠራላቸው እንዲሁ ነው፤ አቅማቸው የታዘዙትን ለመሥራት እንጂ ራሳቸውን ለመሥራት አይበቃምና። በሱቄ ውስጥ በሌላ ሳጥን ላይ ሞከርነው፤ መብራቱን እያጠፋን እያበራን አስቸገርናት፤ ሁልጊዜም ተነሣች። የቀረው የቢሮዎ ማኅተም ብቻ ነበር። «ብቻ» ማለቴን ይቅር ይበሉኝ።

ቅሬታዎቼን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ማመልከቻችንን የተቀበሉት የቴክኒክ ክፍል ባለሙያዎ ገጾቹን በምራቅ በራሰ ጣታቸው ሲገልጡ ቆይተው «ይሄ ነገር የተሠራው የት ነው?» አሉ። የእህቴ ልጅ «በእኔ ኮምፒውተር ላይ» ብላ መለሰች። «የሚሠራውስ?» ሲሏት «ሳጥኗ ላይ» አለች። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው ፈገግ ብለው «የሌላ ማሽን ልጅ አምጥተሽ በዚህች ስም ልታስመዘግቢ ነዋ» አሏት። እሷም አንገቷን ደፍታ ልብስ ሰፊ ኮት የሚሰፋው በደንበኛው ጀርባ ላይ እንዳልሆነ ልታስረዳቸው ብትሞክር «እዚህ ስለ ኮት አናወራም» ብለው «ምንጩ ያልታወቀ» የሚል ማኅተም መቱበት። ለእያንዳንዱ እምቢታ ተቀርጾ የተዘጋጀ ማኅተም ያለው ቢሮ ማየት ለእንደኔ ያለ ነጋዴ ትምህርት ነውና አመሰግናለሁ። በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጠቁም፤ የእርስዎን ቢሮ በር የሠራው ያው ጎረቤቴ አናጢ ነው። የሠራው ግን በራሱ ወርክሾፕ፣ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ በእርስዎ ደጃፍ ላይ ተንጠልጥሎ አይደለም። በሩ ምንጩ ያልታወቀ ሆኖብዎት አልገባበትም ብለው ከሆነ፣ ቢሮዎ ውስጥ የማይገኙበት ምክንያት ዛሬ ገባኝ።

2ኛ፦ ይግባኝ ስንል «የመሣሪያው ሥርዓት በራሱ በመሣሪያው ላይ፣ በኮሚቴ ፊት ይገንባ» የሚል ውሳኔ በክቡር ፊርማዎ ወጣ። ሳጥኗ ራሷን ትውለድ ማለት ነው። ሦስት የኮሚቴ አባላት ሱቄ ድረስ መጡ፤ ስለ መጡም አመሰግናለሁ፤ ያለውን ወንበር ሁሉ ሰጥቻቸው እኔ በባትሪ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው የሻይ ብርጭቆአቸውን በሙከራዋ ሳጥን ጀርባ ላይ አሳረፉ። ሁለተኛው አባል የሳጥኗን ብሎኖች የምንፈታባትን ስስ መፍቻ አነሡና ጥርሳቸውን ጎረጎሩባት፤ የወጣውን በብርሃን አይተው፣ መፍቻዋን ሳይጠርጉ ወደ ቦታዋ መለሷት። ሦስተኛው አባል እንቅልፍ ስለ ወሰዳቸው ከሦስቱ ጨዋው እሳቸው ነበሩ። ሳጥኗ እንደ ታዘዘችው ጀመረች። ጋለች፤ የማስታወሻ አቅሟ አለቀ፤ ሥራውን አቋረጠች። «እንደገና» አሉ ሰብሳቢው። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና አቋረጠች። የእህቴ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ አራስ ልጅ ወፍጮ እያሸከሙ እኮ ነው» አለችኝ። በመጨረሻ «መሣሪያው ራሱን መሥራት ስላልቻለ ብቃት የለውም» የሚል ቃለ ጉባኤ ጽፈው ሦስቱም ፈረሙ፤ የተኛውም ተቀስቅሰው ፈረሙ። እኔ እስከማውቀው ከሦስቱ ራሱን የወለደ የለም። እናቶቻቸው ናቸው የወለዷቸው፤ በዚህም ምክንያት ብቃታቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እስከዚያች ቀን ድረስ። መፍቻዋን ጣልኳት።

3ኛ፦ ቢሮዎ ወቀሳ ብቻ ሳይሆን ምክርም ይለግሳል። ራሷን ለመሥራት አቅም ያላት ትልቅ ሳጥን አስመጣ ተብያለሁ። ያቺ ሳጥን ማራገቢያ አላት፤ ማራገቢያዋ የሚተፋው ሙቀት ማቀዝቀዣውን ያስቸግረዋል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ስለ መሳሙ አመሰግናለሁ፤ ፊቴን ታጥቤአለሁ።

4ኛ፦ ይህኛው ከሁሉ ይከፋል። የሚጮኸው አዲሱ ሥርዓት ስላልተመዘገበ ሕገወጥ ነው፤ ዝም የሚለው አሮጌው ስለተመዘገበ ሕጋዊ ነው። ይህንንም ለማጽናት ሠራተኛ ልካችሁ በጤና ጣቢያው ሳጥን ላይ «ተፈትሿል» የሚል ማሸጊያ ለጥፋችሁባታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እያልን የምንተርትባት ውሻ እንኳ ዘግይታም ቢሆን ትጮኻለች፤ የእናንተዋ ጅቡ አጠገቧ እየበላ አረንጓዴ ታበራለች። አናጢው ማሸጊያውን አይቶ «የቆረጡልኝን ጣት ባስቀምጠው ኖሮ ይሄን እለጥፍበት ነበር» አለ። ሲስተር አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር ከቤቷ ሮጣ እየመጣች ማቀዝቀዣውን በእጇ ትዳስሳለች፤ ሳጥን የምትሠራውን ሥራ ሰው እየሠራ ነው ማለት ነው። ልጆቿ «እማዬ መብራት ሄደ» ማለትን ከ«ደህና ዋልሽ» አስቀድመው የሚናገሩ ሆነዋል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ስለሚባል፣ ወረቀቱን ከእጃችሁ እስክታወጡ መጠበቅ ለዘጠኝ ጣቶች እንደማያዋጣ አሰላሁ። ነጋዴ ነኝ፤ የማያዋጣ ነገር አውቃለሁ። ስለዚህ የሚከተለውን በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ሲስተርን «መድኃኒቱ ስለምን ተበላሸ» ብላችሁ ለማብራሪያ ጠርታችሁ በኮሪደራችሁ አግዳሚ ላይ ባስቀመጣችኋት ዕለት፣ እኔ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ሳጥኗ የተሰቀለችው ከመድኃኒት ክፍሉ ውጭ፣ መተላለፊያው ላይ ነውና የማንንም ቁልፍ አልነካሁም። ማሸጊያችሁን በጥፍሬ ቀደድኩ፤ አዲሱን ሥርዓት የያዘችውን ትንሽ የሚሞሪ ካርድ አስገባሁባት። ሲስተር አላወቀችም፤ ስትጠይቋትም እንደማታውቅ ስትነግራችሁ እመኗት። የእህቴ ልጅም «ጋሼ፣ እኔ ልሂድ» ብትለኝ ከልክያታለሁ። እጁ የእኔ ብቻ ነው።

ከዚያም የሳጥኗን ኃይል አጥፍቼ መለስኩት። ቀድሞ የምትደርቅበት ሰዓት መጣ፤ አለፈ። ለሙከራ ይዤው የነበረውን የሙቀት መለኪያ ሽቦ ሰካሁላትና ጫፉን በክራንች ተደግፎ ለመጣው ለአናጢው በመዳፉ አስጨበጥኩት። የመዳፉ ሙቀት ደረሳት። ከዚያ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ወንበሩን ገልብጦ ወጣ፣ ተራ የሚጠብቁ ሰዎችም ጆሯቸውን ያዙ። አናጢው ጭብጡን ሳይፈታ ቆሞ ሲያዳምጣት ቆየና «እሰይ፣ እንደ ሟች አክስቴ ነው የምትጮኸው፤ ሌባ ሰፈራችን ዝር ብሎ አያውቅም ነበር» አለ። ሽቦውን ልቀበለው ስል «ቆይ ትንሽ ትጩህ» ብሎ ከለከለኝ። ያን ያህል ጊዜ ስለ እግሩ ሳይቀልድ ሲቆም ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

ያልተመዘገበ ሥርዓት መጫንና ማሸጊያ መቅደድ ምን እንደሚያስቀጣ መመሪያችሁን አንብቤአለሁ። ሱቄ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው። ልታሽጉት ስትመጡ ወንበሮቹ እንደ ቀድሞው ለእናንተ ናቸው፤ መፍቻ ግን ቆልፌበታለሁ፤ በምትኩ የጥርስ እንጨት ለእንግድነታችሁ አዘጋጅቻለሁ። ሳጥኗን ወደ ዝምታዋ ልትመልሱ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ክቡርነትዎ በአካል ተገኝተው፣ ተራ በሚጠብቁት በሽተኞች ፊት፣ በገዛ እጅዎ እንዲያደርጉት እለምናለሁ። አናጢው ወንበር እንዲያቀርብልዎ ነግሬዋለሁ፤ እሱም «ከእኔ ወርክሾፕ የወጣ ስለሆነ ምንጩ አይታወቅም፣ ካልፈሩ ይቀመጡ» ብሏል።

ለማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ፣ ለፊርማዎ ጅራት እንዳይሰበር፣ ለወንበርዎ ደግሞ አንድ ቀን የሚቀመጥበት ሰው እንዲያገኝ እየተመኘሁ፣ ዘንድሮም ከፍ ካለ አክብሮት ጋር ከደጅዎ ቆሜ እጅ እነሣለሁ።

የሚዛንና የባትሪ ነጋዴው
ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ

ግልባጭ፦
ለጎረቤቴ ለአናጢው ዘጠኝ ጣቶች፣ እንዲያውቁት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ስመጣ የእህቴ ልጅ በመግቢያችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን፣ ሠራተኞቻችሁ ሲገቡ ጣታቸውን የሚያሳርፉባትን የሰዓት መቆጣጠሪያ አየቻት። አንጎሏ ከእኔዋ ሳጥን ጋር አንድ ዓይነት፣ አቅሟም ያው ነው፤ ሥርዓቷ የተገነባው በሌላ ማሽን ላይ እንደሆነ፣ እሷ ራሷን ልትሠራ እንደማትችልም አያጠራጥርም። እንግዲህ በራስዎ ውሳኔ መሠረት መሣሪያዋ ብቃት የላትም፤ የመዘገበችውም ሁሉ ምንጩ ያልታወቀ ነው፤ ከተተከለች ጀምሮም ከቢሮዎ አንድ ሰው እንኳ ሥራ መግባቱ በሕግ አልተረጋገጠም። እኛ ባለጉዳዮች ይህንን ከጠረጠርን ቆይተናል፤ በፊርማዎ ስላጸኑልን እናመሰግናለን።