ሰፊው ጂንስ

የኔ ዓለም፣ ከክፉ የሚጋርድ አምላክ ካለሽበት አይለይሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎት ደረጃውን ያለ ደጋፊ መውጣት ጀምሯል።

በሰፊ ጂንስ ቆመሽ የላክሽው ፎቶ ግን ግራ አጋባኝ። ሱሪው እግርሽን ውጦት ሳይ "ልጄ ከሳች" ብዬ አለቀስኩ። እህትሽ ሳቀችብኝ።

"እማዬ፣ ፋሽኑ ነው። ወገብ ላይ ጠበቅ ብሎ ወደ ታች ይሰፋል፤ ዳሌ የሌላትን ባለ ዳሌ ያስመስላል" አለችኝ።

አላመንኳትም። ፎቶውን ይዤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄድኩ። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችውና፣ "እትዬ፣ ጠባቡ ሱሪ ገላን ያሳያል። ይሄኛው ግን የከሳችውንም የወፈረችውንም እኩል ይደብቃል። እኔ እንጃ" አለችኝ። ብሶብኝ ተመለስኩ።

አጥቤ ያሳደግኩትን ገላ ሱሪ ከደበቀኝ ማንን ልጠይቅ? አንቺ እንደሆነ መልስሽ ሁሌም "በልቻለሁ" ነው። እባክሽ ቁርስ ሳትቀምሺ ከቤት አትውጪ።

በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ፤ ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ጂንሱን አልነቀፍኩም፣ አምሮብሻል። ብቻ አንድ ቀን ጠባቡን ለብሰሽ ፎቶ ላኪልኝ። ባያምርብሽም ግድ የለኝም፤ አንቺን ልይሽ።

እናትሽ